የምድጃውን አምላክ ያጠብኩበት ሳምንት

ከሲያትል የተመለሰች ሴት ስለ ፎቅ፣ ስለ ባሕርና ስለ ድልድይ እንድታወራ ይጠበቅባታል። እኔ አሥራ አምስት ቀን ቆይቼ በደንብ ያየሁት አንድ ማድ ቤት ነው። «እሺ፣ እንዴት ነው አሜሪካ?» ብለው የጠየቁኝን ሁሉ ባዶ እጃቸውን ነው የመለስኳቸው፤ ይህን የምጽፈው ካሣ እንዲሆናቸው ነው። በመንገድ በእርሳስ የያዝኩትን ደብተር አሁን በንጹሕ ስገለብጥ፣ ያኔ መጻፍ ያልደፈርኩትን ጥቂት ነገር ጨምሬበታለሁ።

ዘመኑ የሰባዎቹ አጋማሽ ነው። የምሠራው በአንድ ቤተ መጻሕፍት ምድር ቤት፣ የተጎዱ መጻሕፍት በሚጠገኑበት ክፍል ነበር። ፊደል የቆጠርኩት በአሥራ ዘጠኝ ዓመቴ፣ በማታ ትምህርት ቤት ነው። ዘግይቶ የተማረ ሰው ነጠላ ሰረዝ ያለ ቦታዋ ስትቀመጥ ዕቃ የተሰረቀበት ያህል ይቆጨዋል፤ የእኔ ጠባይ ከዚያ ወዲህ አልተሻሻለም። ለወረቀት ጥገና ሥልጠና አንድ ሰው ወደ አሜሪካ ይላክ ሲባል፣ ሌሎቹ ባልደረቦቼ በጣም ስለ ፈለጉ ተጠረጠሩ። የመሥሪያ ቤታችን ሊቀመንበር ዞር ብለው እኔን አዩና፣ «እሷ ትሂድ፤ ትመለሳለች። የት ትሄዳለች?» አሉ። ፍራንክፈርት እስክደርስ ድረስ ይህን እንደ ምስጋና ነበር የያዝኩት።

ረቡዕ ተነሳሁ። በሻንጣዬ ውስጥ ሁለት ቀሚስ፣ መዝገበ ቃላት፣ ዳቦ ቆሎ፣ ብሩሾቼና ወረቀት የማጥፍበት ከአጥንት የተሠራ መሣሪያዬ ነበሩ። እንግሊዝኛዬ ከመጽሐፍ የተማርኩት ስለሆነ ለንባብ እንጂ ለጥማት አይሆንም። አውሮፕላን ውስጥ ውሃ ልጠይቅ፣ «ቅር የማይልዎ ከሆነና የሚቻልም ቢሆን» ብዬ ጀምሬ ውሃው ላይ ሳልደርስ አስተናጋጇ ሦስት ወንበር አልፋ ሄደች። ኒው ዮርክ ላይ ፈታሹ አጥንቱን አንስቶ፣ «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ።

«አጥንት ነው።»

«የምን?»

«የበሬ።»

«ምን ያደርግልሻል?»

«መጽሐፍ እጠግንበታለሁ» አልኩ። በዕድሜ ገፋ ያለውን ጓደኛውን ጠራው። ሁለቱም አንድ ጊዜ አጥንቱን፣ አንድ ጊዜ እኔን እያዩ ቆዩና መልሰው ሰጡኝ። ጠንቋይ አድርገውኝ ሳይሆን አይቀርም።

ዓርብ ከሰዓት በኋላ ሲያትል ገባሁ፤ ያካፋል። የእኛ የሐምሌ ዝናብ ቁርጡን ያሳውቃል፤ ወርዶ ወርዶ ያበቃል። የሲያትሉ ግን በር ላይ ቆሞ «በሉ ደህና ሁኑ» እያለ እንደማይሄድ እንግዳ ነው። የተቀበለኝ የባልደረባዬ የአክስት ልጅ ጌታቸው ነበር፤ ታክሲ ይነዳል።

«እትዬ አስካለ፣ እንኳን ደህና መጡ። ፓርክ ያደረኩት ትንሽ ራቅ ይላል፣ ሶ እዚችው ቁጭ ይበሉልኝ። ሻንጣው ይሄ ብቻ ነው? ኦኬ። የአዲስ አበባ ሰው በአንድ ሻንጣ ሲመጣ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው።»

ሥልጠናውን ያዘጋጁት ሰዎች ክፍል የያዙልኝ ኮሎምቢያ ሲቲ በሚባል ሰፈር፣ ከሬይኒየር ጎዳና ገባ ብሎ ካለ ቤት ነበር። ባለቤቷ ሚስስ ዋንግ የሚባሉ ቻይናዊት ባልቴት ናቸው፤ ከሰሜን ቻይና ገጠር በወጣትነታቸው ወጥተው፣ ከመርከበኛ ባላቸው ጋር አገር ለአገር ዞረው ሲያትል የደረሱ። አብራቸው የምትኖረው ልጃቸው ሜይ የሆስፒታል ነርስ ናት። እንግሊዝኛ አንቱ የለውም፤ እኔ ግን እናትየውን በሰማሁ ቁጥር በጆሮዬ ውስጥ አንቱን እየጨመርኩ ነበር።

እራት ቀረበ። በሾርባው መካከል የአሳማ ሥጋ ተጋድሟል። ቀኑ ዓርብ ባይሆንም አልበላውም ነበር፤ ዓርብ ስለሆነ ደግሞ በሁለት ወንጀል እንደሚከሰስ ሰው ደነገጥኩ። እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። ሚስስ ዋንግ ሳህኑን አንስተው ሌላ ይዘው መጡ፤ ነጭ፣ ለስላሳ፣ በአራት ማዕዘን የተቆረጠ አይብ። አይብም በዓርብ አይሆንም። ደግሜ አንገቴን ዝቅ አደረግኩ። ሦስተኛ ጊዜ ሲነሱ ሜይ ጣልቃ ገባች።

«ያምሻል?»

«ጾም ነው። የላም ነገር አልበላም።»

ሜይ ለእናቷ ነገረቻቸው። ሚስስ ዋንግ አይቡን በማንኪያ ነካ አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ አነጋገሩኝ። «ላም የለም። አተር» አሉ። ቶፉ ነበር፤ ከአኩሪ አተር የሚሠራ። ሁለት ጊዜ ያስነሳኋቸውን ሴትዮ ሁለት ሳህን በልቼ ካስኳቸው።

ቅዳሜ ጌታቸው ኖርዝጌት የሚባል የገበያ አዳራሽ ወስዶ የዝናብ ካፖርት አስገዛኝ። ሱቅ ከሱቅ አጠገብ፣ ሁሉም ከአንድ ጣሪያ በታች፤ መርካቶን አጥበው ያደረቁት ይመስላል። ሻጯ «እንዴት ነሽ?» ስትለኝ ስለ ጉልበቴ ሕመም መንገር ጀመርኩ። ጌታቸው በክርኑ ነካ አደረገኝ። «እትዬ፣ መልሱን አትፈልገውም። ዝም ብሎ ሰላምታ ነው።» ካፖርቱ አንድ ቁጥር ይሰፋኝ ነበር፤ ይህን ሳልናገር ወጣሁ፤ እስከ ዛሬ ይሰፋኛል።

እሑድ ቀን ነው እንግዲህ ጥፋቴን ያየሁት። ከምድጃው በላይ በምስማር የተሰቀለ፣ ከመዳፍ ሁለት ጊዜ የሚበልጥ ሥዕል ነበር፤ በእንጨት ተቀርጾ በቀጭን ወረቀት ላይ የታተመ። ጢማም ሹም ከሚስቱ ጋር ተቀምጧል፤ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ ለብሰዋል። ሁለቱን ከላይ እስከ ታች የምታቋርጥ ቀጭን ነጭ መስመር አለች። በዚህ ሁሉ ላይ የዓመት ጥላሸትና የዘይት ትነት ተጋግሮበታል። ሌላው ሰው ሥዕሉን ያያል፤ እኔ የታየኝ ዘይቱ ነው። ከእሳት ሁለት ክንድ ርቀት ላይ፣ ያለ መስታወት። ሾርባዬን መጠጣት አቃተኝ።

«አጎቴ ነው ያተመው» አለች ሜይ ዓይኔን ተከትላ። «የእናቴ ወንድም። እሷ ከወጣች ጀምሮ፣ አርባ ዓመት ሊሞላ ነው፣ አልተያዩም።»

አጎትየው በመንደራቸው የአዲስ ዓመት ሥዕል ቀራጭ ነበሩ፤ ከአባት ከአያት የወረደ ሙያ። አሮጌውን ነገር ሁሉ አጥፉ የተባለ ጊዜ ወጣቶች ቀይ ክንድ ማሰሪያ አስረው መጡ፤ በየቤቱ ያለውን የቅርጽ እንጨት ሰብስበው አደባባይ ላይ አነደዱት። አጎትየው ያተረፉት አንዱን ብቻ ነው፤ ፊቱን ወደ ታች ገልብጠው የጎመን መክተፊያ አደረጉት። ካድሬዎቹ እቤት ገብተው ሻይ ሲጠጡ ሚስታቸው ከላዩ ሽንኩርት ትከትፍ ነበር። ለዓመታት ከመከተፉ ብዛት እንጨቱ ተሰነጠቀ፤ ነጯ መስመር ስንጥቋ ናት። ነገሩ ሲላላ ገለበጡትና እንደ ገና ማተም ጀመሩ።

«የምድጃ አምላክ ነው» አለች ሜይ። «ዓመቱን ሙሉ ማድ ቤት ተቀምጦ ቤተሰቡን ያያል። ከዚያ በዓመቱ መጨረሻ…» ስልኩ ጠራ፤ ከሆስፒታል ነው፤ ተረኛ ቀርታለች። ካፖርቷን እየለበሰች፣ «ቀሪውን ሌላ ቀን እነግርሻለሁ» ብላኝ ወጣች።

ቀሪው ምን ያደርግልኛል? የምፈልገውን ሰምቻለሁ። ከእሳት የተረፈው የአንዱ እንጨት ሥራ ዘይት ውስጥ እየሞተ ነው፤ እኔ ደግሞ ወረቀት ለማዳን ውቅያኖስ ተሻግሬያለሁ። ራሴን እንደ አዳኝ ያየሁበት ሰዓት ቢኖር ያቺ ናት፤ ሙሉ ሰው ሆኜ የተሳሳትኩትም ያን ጊዜ ነው።

ሰኞ ሥልጠናው ተጀመረ። ረጃጅም ጠረጴዛዎች፣ ንጹሕ ብርሃን፣ ሞቅ ያለ ውሃ ከቧንቧ እንደ ልብ። እኛ ምድር ቤት ውሃ በሳምንት ሁለት ቀን ስለምትመጣ፣ የሰኞን ትምህርት ግማሹን ቧንቧውን በማየት ነው ያሳለፍኩት። አስተማሪያችን ዝግ ብለው የሚናገሩ ሰው ናቸው፤ «ነገ ሁላችሁም የምትለማመዱበት የተጎዳ ወረቀት ይዛችሁ ኑ» አሉን።

ማክሰኞ ማለዳ ሜይ ከሌሊት ተረኛነት አልተመለሰችም፤ ሚስስ ዋንግ ገበያ ወጥተዋል። ሥዕሉን ከምስማሩ አወረድኩና ጠረጴዛው ላይ በጥሩ የእጅ ጽሑፍ ማስታወሻ ተውኩ፦ «ሥዕልዎን ላሻሽለው ወስጃለሁ፤ አይሥጉ።» በእንግሊዝኛ። ሚስስ ዋንግ እንግሊዝኛ አያነቡም።

ሥራውን በሚገባ ሠራሁ፤ ይህን መካድ አልችልም። ቀለም በቀለም በጥጥ ፈተንኩ፤ ቀዩ ትንሽ አመነታ፣ ሌሎቹ ጸኑ። ዘይቱን በአልኮል አላቀቅኩ፤ ከዚያ ለብ ባለ ውሃ አጠብኩት። የትሪው ውሃ እንደ ሻይ ቀላ፤ ሦስት ጊዜ ደፋሁት። ጢማሙ ሹም ከጥላሸቱ ሥር እንደ ሙሽራ ወጣ። ከጀርባው ስስ የወረቀት ገበር በስንዴ ሙጫ ለጠፍኩለት። አስተማሪው ከፍ አድርገው ለሌሎቹ አሳዩት፤ «እጅ ማለት ይሄ ነው» አሉ። በአርባ አንድ ዓመቴ ጆሮዬ እንደ ተማሪ ጋለ። በክብደት ሥር ሃያ አራት ሰዓት መቆየት ነበረበት። ለሚስስ ዋንግ ለማሳየት ስለ ቸኮልኩ፣ በሕይወቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ደንብ ጥሼ፣ እርጥቡን በመምጠጫ ወረቀት ጠቅልዬ ወጣሁ።

ጌታቸው በታክሲው አደረሰኝና ጃንጥላ ይዞልኝ እስከ ውስጥ ገባ። ሚስስ ዋንግ ማድ ቤቱ መካከል ቆመዋል። የቆሻሻ ባልዲው ተገልብጦ ወለሉ ላይ ተበትኗል። ባዶው ምስማር ሥር ወንበር፣ ጠረጴዛው ላይ ማስታወሻዬ የተነጠፈለት የማር ሲኒ፣ ብርቱካን፣ ክብሪት። ሜይ ነጭ የሥራ ልብሷን እንደ ለበሰች ቆሻሻውን በእጇ ትፈትሻለች።

ጥቅሌን ፈትቼ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። ምስጋና ጠበቅኩ፤ እውነቱን መጻፍ ካለብኝ፣ «ምንም አይደል» የምትለዋን እንግሊዝኛ እንኳ አዘጋጅቼ ነበር።

ሚስስ ዋንግ ረጅም ጊዜ አዩት። ጎንበስ ብለው አሸተቱት። ከዚያ ለልጃቸው ትንሽ ነገር ተናገሩ።

«ምን አሉ?»

«ምንም አይሸትም አለች» አለች ሜይ። በርከክ እንዳለች ቀረች። «ዛሬ ነው የሚሄደው።»

«የት?»

«ሰማይ። ዓመቱን ያየውን ሊናገር። እናቃጥለዋለን፤ በጢሱ ይወጣል። ያን ቀን ልነግርሽ የጀመርኩት ይህን ነው።»

«ሶ…» አለ ጌታቸው በአማርኛ፣ ከበሩ ላይ፣ «ይሄ ሰውዬ የቀበሌ ሊቀመንበር ነው በሉኛ። ቤት ቤቱን አይቶ ለበላይ ሪፖርት ያደርጋል። ማሩስ?»

ስለ ማሩ ጠየቅኩ። ሜይ፣ «አፉ ላይ ይቀባል፤ ጣፋጭ ጣፋጩን ብቻ እንዲናገር» አለች።

«ጉቦ ነዋ» አለ ጌታቸው በአማርኛ። «እትዬ፣ ይሄን ሃይማኖትማ እኛም እናውቀዋለን።»

አልሳቅኩም። ሜይ ከመሳቢያ የአጎቷን ደብዳቤ አወጣች፤ ከሥዕሉ ጋር የመጣው ነው። እያነበበች ወደ እንግሊዝኛ መለሰችልኝ። ማተሙ ተፈቅዷል ይላሉ፤ የሕዝብ ዕደ ጥበብ ስለሆነ ለውጭ አገር ይሸጣል፣ ሹማምንቱም እጄን ያደንቃሉ። ማቃጠሉ ግን አጉል እምነት ነው፤ ያስገመግማል። ስለ እኛ ቤት ሰማይ ወሬ ከሰማ ሃያ ዓመት ሊሞላው ነው። አንቺ እዚያ አቃጥይልኝ፤ እህቴን ለማየት የጉዞ ፈቃድ አመልክቻለሁ በይው፤ የእኔም የአንቺም ሰማይ አንድ ነው።

መቀመጫ ፈልጌ ተቀመጥኩ። እጁን አድንቆ እሳቱን የሚከለክለው ማነው? ወረቀቱ ይትረፍ እንጂ መልእክቱ የትም ይቅር የሚለው? ቀይ ክንድ ማሰሪያ ሳላስር፣ ማንም ሳያዝዘኝ፣ ለብ ባለ ውሃ ካድሬ ሆኜ አረፍኩት። እነዚያ እንኳ ዘይቱን አላጠቡም።

«በሏቸው፣ አሁን ይቃጠል» አለኝ ጌታቸው ራሱ መናገር ከብዶት፤ ከዚያ ራሱ ወረቀቱን ነካ አደረገ። «ኦ፣ እርጥብ ነው። ኦኬ። ድራየር የላቸውም?»

ሜይ የፀጉር ማድረቂያዋን አመጣች። እኔ ሥዕሉን በአራት ጣት ያዝኩ፣ ጌታቸው ሽቦውን፣ ሜይ ሙቀቱን ከዳር ወደ መካከል ነፋች፤ በጣም አታቅርቢው፣ ቀለሙ ይሰነጠቃል አልኳት። ከዚያ የተናገርኩትን ሰማሁት። ሊቃጠል ነው እኮ። ሚስስ ዋንግ ይህን ሲያዩ ትከሻቸው ተንቀጠቀጠ፤ አለቀሱ ብዬ ቀና ስል እየሳቁ ነው።

ከሳቁ በኋላ ግን ሌላ ነገር አሉ። ሜይ፣ «ዓመቱን ያየው ሁሉ ጥላሸቱ ላይ ነበር ትላለች። አሁን ምንም አያውቅም። ስለዚህ እንንገረው» አለችኝ።

ወንበር ላይ አቁመነው ሚስስ ዋንግ ፊት ለፊቱ ተቀመጡ፤ አንድ በአንድ ነገሩት። ሜይ ዝቅ ባለ ድምፅ ጥቂት ጥቂቱን ትነግረኛለች፦ ጣሪያው በጥቅምት አፍስሷል። እሳቸው ጎረቤታቸውን ሁለት ጊዜ ሰድበዋል። ሜይ ሊያገባት የጠየቀ አንድ ደህና ሰው መልሳለች፤ «ይህን እንኳ ብትተወው» አለች ሜይ። ወንድማቸው አመልክቶ አንድ ጊዜ ተከልክሏል፣ እንደ ገና አመልክቷል። ዓይኑ ደክሟል፤ ከዚህ በኋላ አይቀርጽም። እዚህ ላይ ሜይ መተርጎም አቆመች።

ከዚያ ሚስስ ዋንግ እኔን በአገጫቸው ጠቆሙኝ። እኔም ከዚህ ማድ ቤት በልቻለሁ፤ ልናገር።

ያደግኩት ለበላይ የሚያቀርብ ሰው ፊት ዝም በሚባልበት አገር ነው፤ እኔ ደግሞ ያለዚያም ዝምተኛ ነኝ። የማውቀው አንድ ዓይነት ንግግር ብቻ ነበር። ተነሳሁና፣ እጄን ግራና ቀኝ አድርጌ፣ በአማርኛ ግለ ሂስ ጀመርኩ። «እኔ የወረቀት ጥገና ሠራተኛ የሆንኩ፣ ፈቃድ ሳልጠይቅ ንብረት አንስቻለሁ። ይህም ከንዑስ ከበርቴ ግለኝነት የመነጨ ነው።» ጌታቸው አፉን በእጁ ያዘ። ለካ በአገሬ ሰባት ዓመት ሙሉ ስሰማው የኖርኩት ይህ ንግግር ባዶ አዳራሽ ነው፤ ሌላ ቃልም ሊነገርበት ይችላል።

«ሌላም አለ» አልኩ። «ቤተ መጻሕፍታችን ከአንድ ቤተ ክርስቲያን የመጣ የብራና ሥዕል መስታወት ውስጥ አለ። ‹የሕዝብ ዕደ ጥበብ› ብዬ ካርዱን የጻፍኩት እኔ ነኝ። አንዲት አሮጊት በየሳምንቱ እየመጡ መስታወቱን ይሳሙ ነበር፤ እኔ ከኋላቸው በአልኮል እጠርግ ነበር። አንድ ቀን ለዘበኛው፣ ‹ለዕቃው ደኅንነት ሲባል አታስገባቸው› አልኩት። አልመጡም። ሥዕሉ ከሳቸው ደብር የመጣ እንደሆነ አውቅ ነበር።»

ጌታቸው ወለሉን ያያል። ሌሎቹ አንድ ቃል አልገባቸውም። ሚስስ ዋንግ ግን የማሩን ሲኒ ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ። የሹሙን አፍ ቀባሁት፤ ለሰው ሳደርግ የማላውቀውን ያህል በዛ አድርጌ፤ ለጥንቃቄ የሚስቱንም።

ምሽት ሳይጨልም ጓሮ በረንዳ ላይ ወጣን። በብረት መጥበሻ ውስጥ አቆምነው። ወዲያው አልተያያዘም፤ ሙጫውና የለጠፍኩት ገበር እሳቱን ይዘውት ነበር። ሚስስ ዋንግ ሦስት ክብሪት ጫሩ፤ በሦስተኛው ያዘ። ጠርዙ ጠቆረ፣ ቢጫው ሄደ፣ ቀዩ ሄደ። ጢሱ ካፊያው ውስጥ ትንሽ አመንትቶ ወጣ። ሚስስ ዋንግ እጃቸውን አራገፉና ሩዝ ሊጥዱ ገቡ።

የቀሩትን ቀናት ባጭሩ ልለፍ። ሥልጠናዬን ጨረስኩ። አስተማሪው ያን ሥዕል ለዐውደ ርእይ ሲጠይቁኝ፣ «አቃጠልነው» አልኳቸው፤ ቀልድ መስሏቸው ለጨዋነት ሳቁ። ሚስስ ዋንግ ለመንገድ ቶፉ ቋጠሩልኝ። ጌታቸው አውሮፕላን ማረፊያ ሲያደርሰኝ ስለዚያ ማታ አንዲት ቃል አላነሳም፤ ሻንጣዬን ሲያቀብለኝ ብቻ፣ «እትዬ፣ አሮጊቷን ፈልገው ያግኟቸው» አለኝ። ፈለግኩ፤ ከዚያ ሰፈር ለቀዋል አሉኝ። ካርዱን ግን ቀየርኩት። ሊቀመንበሩ እንዳሉትም ተመለስኩ፤ ለመሥሪያ ቤቱ ባቀረብኩት ሪፖርት ላይ «የታከመ ዕቃ፦ አንድ። ያለበት ሁኔታ፦ የለም» የሚል ስላለ ሁለት ጊዜ ተጠርቼ ተጠይቄበታለሁ።

ሰኔ ላይ የሜይ ደብዳቤ ደረሰኝ። አጎቷ ለሁለተኛ ጊዜ ተከልክለዋል። «እናቴ ግን አልተከፋችም» ትላለች። «የለጠፍሽበት ገበር ከብዶት መንገድ ላይ ዘግይቶ ይሆናል፤ ይደርሳል፣ አሁን ገና እየወጣ ነው ትላለች። አንቺ ታውቂዋለሽና ምን ያህል እንደሚከብድ ጻፊላት።»

ከሥልጠናው ያመጣሁት የዚያው ገበር ቁራጭ ነበረኝ። በሥዕሉ ልክ ቆርጬ፣ ፋርማሲ ወስጄ በመድኃኒት ሚዛን አስመዘንኩት፤ ባለሙያው ሁለት ጊዜ ካየኝ በኋላ መርፌው አልተነሳም አለኝ። ለሚስስ ዋንግ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦ ሥልጠናው ቤት ካለው ወረቀት ሁሉ ስሱን ነው የመረጥኩት፤ ከሽንኩርት ልጣጭ አይበልጥም፤ ቢዘገይ እንኳ ብዙ አይዘገይም።

የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን አረጋግጬ ነው የጻፍኩት። የመጨረሻዋን ማረጋገጥ አልቻልኩም፤ ደብዳቤውን ከማሸጌ በፊት ደግሜ አነበብኳትና፣ ሳልሰርዛት እንዳለች ተውኳት።